ለአረጋውያን የሚስማማ የታብሌት ስክሪን፦ አማራጮችን አነጻጽሮ ለመምረጥ

የታብሌት መተግበሪያ የሚነድፍ ሰው በዕድሜ የገፉ ተጠቃሚዎችን ታሳቢ እንዲያደርግ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣለት መልስ ፊደሉን ማተለቅ ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ የሚፈታው ግን ከችግሩ ጥቂቱን ነው። አንዲት የ75 ዓመት እናት ጽሑፉን ያለ ችግር አንብበው ከጨረሱ በኋላ፣ ታብሌቱን በያዙበት አውራ ጣት ሳይታወቃቸው የስክሪኑን ጠርዝ ነክተው ገጹ ቢሰወርባቸው፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልጋቸው ወደነበሩበት የሚመልሳቸው መንገድ ነው። መንገዱን ካጡት ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን ከራሳቸው ይቆጥሩታል፤ «እኔ አልችልበትም» ብለውም ታብሌቱን ያስቀምጡታል።

በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች የማነሣቸውን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተጠቃሚው ሲሳሳቱ ምን ይሆናል? ሁለት ንድፎች በመልክም በፍጥነትም ቢመሳሰሉ፣ ስህተት የሚቀንሰውና የተፈጠረውን ስህተት ለማረም የሚቀለው ይመረጥ።

በዕድሜ የሚለወጠው ነገር

ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ በቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ማየት ይከብዳል። ከዚያም የዓይን ብሌን እየጠበበ፣ ሌንሱም እየደፈረሰና ወደ ቢጫነት እያደላ ይመጣል፤ የ60 ዓመት ሰው ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ የሚያርፈው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል እንደሆነ ይገመታል። ቢጫ ያዘለው ሌንስ ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚያስቀር ጥቁር ሰማያዊ ከጥቁር፣ ፈዛዛ ሰማያዊም ከግራጫ ጋር ይመሳሰላል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሲጨመርበት ብርሃኑ በዓይን ውስጥ ስለሚበተን ደማቅ ስክሪን ራሱ ያስቸግራል።

ስለ ዓይን ብዙ ይነገራል፤ ስለ ጣት ግን የሚነገረው ትንሽ ነው። የታብሌት ስክሪን የሚሠራው ጣት በመስተዋቱ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ በመለካት ነው። በዕድሜ ቆዳ ይደርቃል፤ ደረቅ ጣት ደግሞ የሚፈጥረው ለውጥ ደካማ ስለሆነ ስክሪኑ አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ አይሰማውም። ተጠቃሚው ምላሽ ሲያጡ እንደ ድሮው የስልክ ቁልፍ ጠንከር አድርገው ይጫናሉ፤ ስክሪኑ ግን የሚለካው ኃይልን አይደለም። መጫኑ በረዘመ ቁጥር «ተጭኖ መቆየት» ተብሎ ስለሚተረጎም ያልጠሩት ሜኑ ይከፈትባቸዋል። ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ተጠያቂው ንድፉ ብቻ ነው።

የተለየ ገጽታ ወይስ አንድ ንድፍ?

የመጀመሪያው ምርጫ ለአረጋውያን ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ገጽታ መሥራት ወይም አንዱን ንድፍ ለሁሉም እንዲመች ማድረግ ነው። የተለየው ገጽታ የራሱ ጥቅም አለው። የማስታወስ ችሎታቸው እየደከመ ለመጣ ሰዎች በስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር ወደ አራት ወይም አምስት ትልልቅ ምርጫዎች ማውረድ እውነተኛ እፎይታ ነው፤ አፕል በሴፕቴምበር 2023 አይፓድን ከሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ከአይፓድ ኦኤስ 17፣ ጋር ያወጣው «አሲስቲቭ አክሰስ» የተባለው ገጽታም የግንዛቤና የማስታወስ ችግር ላለባቸው ሰዎች በዚሁ አስተሳሰብ የተሠራ ነው።

ለአብዛኞቹ አረጋውያን ግን አንዱን ንድፍ ማሻሻል ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ የተለየውን ገጽታ ለማግኘት ወደ ቅንብር ገብቶ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ገጽታው የታሰበላቸው ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚቸገሩበት ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ «ለሽማግሌዎች» የሚል ስም የተለጠፈበትን ነገር አብዛኛው ሰው ለራሱ አይመርጠውም፤ የ70 ዓመት ሰው ራሳቸውን ሽማግሌ አድርገው ላይቆጥሩ ይችላሉ። ሦስተኛውና በቸልታ የሚታለፈው ምክንያት እርዳታን ይመለከታል፦ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በስልክ «ከላይ በስተቀኝ ያለውን ንኪው» እያለ ሲያስረዳ ሁለቱ ሰዎች የሚያዩት ገጽ ከተለያየ እርዳታው ራሱ ግራ መጋባትን ይጨምራል። ከዚህ ሌላ የተለየው ገጽታ ከዋናው እኩል ስለማይታደስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጎደለውና የተረሳው ክፍል እሱ ሆኖ ይገኛል።

የጽሑፍ መጠን

እዚህ ያለው ምርጫ መተግበሪያው ራሱ በሚወስነው ትልቅ ፊደልና ተጠቃሚው በታብሌቱ ቅንብር ውስጥ የመረጡትን መጠን በመከተል መካከል ነው። ሁለተኛው ያለ ማመንታት ይመረጥ። በአይፓድ ላይ የመደበኛ ጽሑፍ መነሻ መጠን 17 ነጥብ (ፖይንት የሚባለው የስክሪን መለኪያ) ሲሆን የተደራሽነት መጠኖች ሲከፈቱ እስከ 53 ነጥብ ይደርሳል፤ አንድሮይድ 14 ደግሞ ጽሑፍን እስከ 200 በመቶ እንዲያድግ ይፈቅዳል፤ ርእሶች አስቀድመው ትልቅ ስለሆኑ ከመደበኛው ጽሑፍ ባነሰ መጠን ያድጋሉ። አንድ ሰው ይህን ቅንብር ካስተካከሉ በኋላ የእርስዎ መተግበሪያ ብቻ ችላ ካለው፣ የሚያዩት ነገር የተበላሸ መተግበሪያ ነው።

ቅንብሩን መከተል ግን ሥራ አለው። ጽሑፉ በእጥፍ ሲያድግ በአዝራር ውስጥ ያለው ቃል መሐሉ ላይ ይቆረጣል፣ ሁለት ዓምዶች ይደራረባሉ፣ «አስቀምጥ» የሚለው ከስክሪኑ በታች ወጥቶ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ በትልቁ መጠን መፈተን አለበት፤ ቦታ ሲጠብም ጎን ለጎን የነበረው ወደ ታች እንዲደረደር ሆኖ መነደፍ ይኖርበታል። ዓለም አቀፉ የድር ተደራሽነት መመሪያም ጽሑፍ ይዘት ወይም አገልግሎት ሳይጎድል እስከ 200 በመቶ ማደግ መቻል አለበት ይላል።

መጠኑን በነጥብ ብቻ ሳይሆን በሚሊ ሜትርም ማሰብ ይጠቅማል። ዓይን የሚያነበው ፊደሉ በዓይን ላይ የሚፈጥረውን ማዕዘን ነው፤ ለምቹ ንባብ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው 20 የማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ሲሶ) ያህል ነው። ይህ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት 2.3 ሚሊ ሜትር፣ በ50 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 2.9 ሚሊ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። አረጋውያን ታብሌትን እጅ ስለሚያደክም ጠረጴዛ ላይ ወይም ማቆሚያ ላይ አድርገው የመጠቀም ዝንባሌ ስላላቸው፣ ስልክ በእጅ ይዞ ለሚያነብ ሰው የበቃ መጠን ለእነርሱ አይበቃም።

ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ ከፍ ማለት ያስፈልጋል። «ለ» ከ«ሉ»፣ «ሰ» ከ«ሱ» የሚለየው በአንዲት አጭር ቅጥያ ነው፤ ቅጥያዋ ከደበዘዘች ቃሉ ይለወጣል። ስስ ፎንት ለላቲን ፊደል የሚያምር ቢመስልም በግዕዝ ፊደል ላይ እነዚህን ቅጥያዎች ይበላቸዋል። ስለዚህ መካከለኛ ውፍረት ያለው ፎንት፣ ከፊደሉ ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን የመስመር ርቀት፣ ከተመሳሳይ የላቲን ጽሑፍም በትንሹ የላቀ መጠን መምረጥ ይገባል።

ቀለምና ብርሃን

በዚህ ረገድ ነገሩ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። የድር ተደራሽነት መመሪያው ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል 4.5 ለ 1 የሆነ ኮንትራስት (የድምቀት ልዩነት) እንዲኖር ይጠይቃል፤ ጥብቁ ደረጃ ደግሞ 7 ለ 1 ነው። የ4.5 ቁጥር የመጣው በ80 ዓመት ገደማ ያሉ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየውን የዕይታ መቀነስ ለማካካስ ታስቦ ነው። ይህ ማለት ቁጥሩ ለአረጋውያን ዝቅተኛው ወለል ነው ማለት ነው፤ ለሚነበብ ጽሑፍ 7ን መምረጥ ይሻላል። በነጭ ላይ የቀለም ኮዱ #767676 የሆነው ግራጫ 4.5ን ለጥቂት ያልፋል፤ በቅጽ ሳጥኖች ውስጥ ዘወትር የሚታየው #999999 ግን 2.8 አካባቢ ስለሆነ ብዙ አረጋውያን ሳጥኑን ባዶ አድርገው ያዩታል።

ነጭ ጀርባ ወይስ ጥቁር? በነጭ ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ የዓይን ብሌንን ስለሚያጠብበው ምስሉን ያጠራዋል፤ ስለዚህ ለንባብ መነሻው እሱ ይሁን። የዓይን ሞራ ያለባቸው ወይም ነጸብራቅ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ግን ጨለማውን ገጽታ የሚመርጡበት በቂ ምክንያት ስላላቸው፣ ሁለቱም ተሟልተው መቅረብ አለባቸው። ትርጉምን በቀለም ብቻ ማስተላለፍ፣ በተለይም ሰማያዊን ከጥቁር ወይም ከሐምራዊ በመለየት ላይ መመሥረት፣ በየትኛውም ገጽታ አይመረጥ።

የአዝራር መጠን፣ ክፍተትና ቦታ

በተለምዶ በተን የምንለው አዝራር ላይ ንድፍ አውጪዎች በቁጥር ይከራከራሉ፤ ቁጥሮቹ ግን በእጅ ላይ ያለውን እውነት አይነግሩንም። አፕል ቢያንስ 44 ነጥብ በ44 ነጥብ፣ ጉግል ለአንድሮይድ 48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) በ48 ዲፒ ይመክራሉ። በ2023 የወጣው የተደራሽነት መመሪያ እትም 2.2 በመካከለኛ ደረጃው 24 በ24፣ በጥብቁ ደረጃ ደግሞ 44 በ44 ፒክስል ያስቀምጣል። አሁን 44 ነጥብን ወደ ሚሊ ሜትር እንመልሰው፦ በአንድ ኢንች 264 ፒክስል ባለው በትልቁ አይፓድ ላይ 8.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ 326 ፒክስል ባለው አይፓድ ሚኒ ላይ ግን 7 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የአንድሮይዱ 48 ዲፒም በስሌት 7.6 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ንድፍ በሁለት ታብሌት ላይ ሁለት ዓይነት አዝራር ነው ማለት ነው፤ ወረቀት ላይ መመሪያውን ያሟላ ንድፍ በትንሹ ታብሌት ላይ ለጎልማሳ ጣት ጫፍ የማይበቃ ሆኖ ይገኛል።

እነዚህ ቁጥሮች ለሁሉም ሰው የተቀመጡ ዝቅተኛ መጠኖች እንደሆኑ መዘንጋት የለበትም። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም የጣታቸው መገጣጠሚያ ለሚያማቸው ሰው ዋና ዋና አዝራሮችን ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ማድረግ ይገባል እላለሁ፤ ታብሌት ከስልክ የሚለየው ለዚህ የሚሆን ቦታ ስላለው ነው፤ ያንን ቦታ ለጌጥ ባዶነት መተው ያሳዝናል።

ቦታ ውስን ሲሆን መጠንን ወይስ ክፍተትን እናስቀድም? መልሱ ጎረቤቱ ያለው አዝራር በሚሠራው ሥራ ይወሰናል። የፊደል ሰሌዳ ላይ አጠገብ ያለውን ፊደል መንካት በአንድ ማጥፊያ የሚታረም ስለሆነ መጠን ይቅደም። «ላክ» እና «ሰርዝ» ጎን ለጎን ከሆኑ ግን ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ እዚያ ላይ ክፍተትን ማስፋት፣ ከተቻለም ሁለቱን በስክሪኑ ተቃራኒ ዳርቻ ማስቀመጥ ይሻላል። አንዳንዶች የሚታየውን ምልክት ትንሽ አድርገው በዙሪያው ያለውን የማይታይ የመንኪያ ቦታ ያሰፋሉ። ይህ ለወጣት ይረዳል፤ አረጋዊው ግን የሚያነጣጥሩት የሚያዩትን ነው፤ ትንሽ ነገር ሲያዩ ይጠነቀቃሉ፣ ሲጠነቀቁም ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ይዘገያል። ስለዚህ አዝራሩ የሚነካው እስከ የት እንደሆነ በድንበርና በጀርባ ቀለም ይታይ። ጥላም ድንበርም የሌለው፣ ከተራ ጽሑፍ በቀለም ብቻ የሚለይ አዝራር ለእነርሱ አዝራር አይደለም።

የቦታ ነገር ሲነሣ ጠርዞቹ ይታሰቡ። ታብሌት ከባድ ስለሆነ በሁለት እጅ ይያዛል፤ አውራ ጣቶች ስክሪኑ ላይ ያርፋሉ። አንድ ጣት ጠርዙ ላይ ካረፈ ሌላው ጣት ሲነካ ታብሌቱ ሁለት ጣት አድርጎ ሊቆጥረው፣ ገጹንም ሊያሳድገው ወይም ንክኪውን ችላ ሊለው ይችላል። ከግራና ከቀኝ ጠርዝ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ምንም የማይነካ ቦታ መተው ለብዙ ምሥጢራዊ ለሚመስሉ ብልሽቶች መድኃኒት ነው።

የጣት እንቅስቃሴ

መንካት፣ ማንሸራተት፣ ተጭኖ መቆየት፣ መጎተት፣ በሁለት ጣት መቆንጠጥ፤ ከእነዚህ ውስጥ ለአረጋውያን መተማመኛ የሚሆነው አንድ ጊዜ መንካት ነው። የቀሩት ሁሉ ሁለት ችግር አለባቸው፤ አይታዩም፤ በአጋጣሚም ይፈጸማሉ። ስክሪኑ ላይ «ወደ ግራ አንሸራት» የሚል ምልክት ከሌለ መኖሩን ማንም አይገምትም፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን ሳያስቡት ይሠሩታል። የአይፓድ መተግበሪያዎች በመነሻ ቅንብራቸው ግማሽ ሰከንድ የቆየን ንክኪ ተጭኖ እንደመቆየት ይቆጥሩታል፤ አረጋዊ ጣት አጥብቆ ሲጫን ግማሽ ሰከንድ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ተጭኖ መቆየትን ለአስፈላጊ ሥራ አለመመደብ፣ የሚመደብ ከሆነም ያንኑ ሥራ በግልጽ በሚታይ አዝራርም ማቅረብ ይገባል። እትም 2.2 በመጎተት የሚሠራ ነገር ሁሉ፣ መጎተቱ ለሥራው የግድ ካልሆነ በቀር፣ ያለ መጎተትም የሚሠራበት መንገድ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ዝርዝርን በጣት ጎትቶ ከማስተካከል ጎን «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» የሚሉ ሁለት አዝራሮች ማኖር ማለት ነው።

በዚህ ክፍል አንድ ቴክኒካዊ ነጥብ ላንሣ፣ ምክንያቱም ጥቅሙ ከሚጠይቀው ሥራ በብዙ ይበልጣል። አንድሮይድ ላይ በሚንሸራተት ገጽ ውስጥ ያለ አዝራር ሲነካ ጣት ከ8 ዲፒ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ፣ ካለ ርቀት በላይ ከተንቀሳቀሰ ንክኪው ተሰርዞ ወደ ማንሸራተት ይለወጣል። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይህ ርቀት ምንም አይደለም፤ ሰውዬው አዝራሩን አምስት ጊዜ ነክተው አምስት ጊዜም ገጹ ብቻ ሲወዛወዝ ያያሉ። ያው አዝራር ከሚንሸራተተው ክፍል ውጭ፣ በታችኛው ቋሚ መስመር ላይ ቢቀመጥ ግን ጣቱ ከአዝራሩ እስካልወጣ ድረስ መንቀጥቀጡ አያበላሸውም። ዋናውን አዝራር በቋሚ ቦታ ማስቀመጥ ከየትኛውም ማሳመሪያ ይልቅ የሚያግዘው ለዚህ ነው። ሥራው የሚጀመረውም ጣት ሲያርፍ ሳይሆን ሲነሣ ይሁን፤ የተሳሳቱ ሰው ጣታቸውን ሳያነሡ ወደ ጎን አንሸራተው ሐሳባቸውን መለወጥ ይችላሉ።

ሜኑ፣ ምልክትና የገጽ አደረጃጀት

የተደበቀ ሜኑ ወይስ ሁልጊዜ የሚታይ? በሦስት አግድም መስመሮች ጀርባ የተሸሸገው ሜኑ ስክሪኑን ያጸዳል፤ የሚያጸዳው ግን ተጠቃሚው የሚፈልጉትን ነገር ነው። በታብሌት ስፋት ላይ ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ዋና ክፍሎችን በጎን ወይም በታች በቋሚነት ማሳየት ይቻላል፤ ሲቻል ደግሞ መደበቅ ምክንያት የለውም። ምልክት ብቻ፣ ቃል ብቻ ወይስ ሁለቱ? ሁለቱ አብረው ይሁኑ፤ አንዱ መቅረት ካለበት ግን ምልክቱ ይቅር። የማርሽ ወይም የደመና ሥዕል ትርጉሙን የሚናገረው አስቀድሞ ለተማረው ብቻ ነው።

አንድ ረጅም ገጽ ወይስ በደረጃ የተከፋፈለ? ይህ ከባዱ ምርጫ ነው። ለሚነበብ ነገር ረጅም ገጽ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ስክሪኑ በሁለት አንቀጾች መካከል ባለ ባዶ ቦታ ላይ ካበቃ ሰው ጽሑፉ ያለቀ መስሎት ይቆማል። ከታች የሚቀጥለው ነገር ግማሹ ተቆርጦ እንዲታይ ማድረግ ይህንን ያስቀራል። ለሚሞላ ቅጽ ግን በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ወይም ጥቂት ተያያዥ ጥያቄዎች ማቅረብ ይበልጣል፣ ስህተቱ የት እንደሆነ ወዲያውኑ ይታወቃልና። ቅድመ ሁኔታው «ተመለስ» ሲነካ የተሞላው ሁሉ እንዳለ መቆየቱ ነው። ወደ ኋላ የተመለሱ ሰው የጻፉትን ሁሉ አጥተው ካገኙት ሁለተኛ ጊዜ ወደ ኋላ ለመመለስ አይደፍሩም፤ ስህተት እንዳለ እያወቁም ወደፊት ይሄዳሉ።

ማረጋገጫ ወይስ መቀልበስ?

ስህተትን ለመከላከል የተለመደው መንገድ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሳጥን ማውጣት ነው። ሌላው መንገድ ሥራውን ወዲያው ፈጽሞ «መልስ» የሚል አማራጭ መስጠት ነው። ብዙ ሰው ለአረጋውያን የመጀመሪያው ደህንነት የተሞላ ነው ብሎ ያስባል። እኔ አልስማማም። ሳጥኑ በየጊዜው ከወጣ ሳያነቡት የሚያልፉት ልማድ ይሆናል፤ አልፎ አልፎ ሲወጣ ደግሞ ያስደነግጣል፤ «ምን አጠፋሁ?» ያሰኛል። ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚል ከሆነ የትኛው ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ጥያቄውን መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። መቀልበስ ግን ለመሞከር ነጻነት ይሰጣል፤ መሞከር የማይፈራ ሰው ደግሞ ይማራል።

ሆኖም መቀልበሻው እንዴት እንደሚቀርብ ወሳኝ ነው። በአሁኑ ጊዜ ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ብሎ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የሚጠፋ መልእክት ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ሆኗል። አንድሮይድ ላይ አጭሩ ብቅ ባይ መልእክት 2 ሰከንድ፣ ረጅሙ 3.5 ሰከንድ ብቻ ይቆያል፤ መነጽር ለማስተካከል እንኳ አይበቃም። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ተጠቃሚው ይህን ጊዜ እስከ 2 ደቂቃ የሚያራዝሙበት ቅንብር አለ፤ መተግበሪያዎ ያከብረው እንደሆነ ይፈትኑት። ከዚህ የሚሻለው መልእክቱን ተጠቃሚው እስኪዘጉት ድረስ ማቆየት፣ የተሰረዘውንም ለተወሰኑ ቀናት ከሚታይ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ገንዘብን እንደመላክ ያለ ፈጽሞ የማይመለስ ሥራ ሲሆን ግን ማረጋገጫው ያስፈልጋል፤ ያኔም አዝራሮቹ «ላክ» እና «አትላክ» ብለው ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ይያዙ፣ ሳጥኑም ለማንና ምን ያህል እንደሚላክ በትልቁ ይድገም።

መጻፍና መግባት

የልደት ቀን ለማስገባት የሚሽከረከረው የዓመት ጎማ በ1946 ለተወለደ ሰው ረጅም ጉዞ ነው፤ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚጻፍባቸው ሦስት ሳጥኖች ከቁጥር ሰሌዳ ጋር ሁልጊዜ ይበልጣሉ። የድምፅ ግቤት እጃቸውን ለሚያማቸው ጥሩ ረዳት ነው፤ ነገር ግን የተሰማው ጽሑፍ ታይቶ የሚታረምበት ቦታ ከሌለው ብቸኛ መንገድ አይሁን።

ለመግቢያ የጣት አሻራ ቀላል ይመስላል፤ በዕድሜ የአሻራው መስመሮች እየሳሱ ቆዳውም እየደረቀ ስለሚሄድ ደጋግሞ ይከለክላቸዋል። የይለፍ ቃል ደግሞ ማስታወስን ይጠይቃል። በመልእክት የሚላክ ኮድ ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ስድስት ቁጥር በአእምሮ መያዝን ይሻል፤ ኮዱ በራሱ እንዲሞላ ወይም ተቀድቶ እንዲለጠፍ ከተፈቀደ ግን ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነው። የትኛውም ቢመረጥ ሁለተኛ መንገድ ይኑረው፤ ሦስት ጊዜ ስለተሳሳቱ ብቻ ሰውን ውጭ መቆለፍ ተገቢ አይደለም።

ስለ ድምፅ ማስጠንቀቂያ የምለው አጭር ነው። በዕድሜ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ጎርነን ያለው ይመረጥ፤ ድምፁ ያለው ነገር በሙሉም በስክሪኑ ላይ በጽሑፍ ይታይ።

ከማን ጋር እንፈትን?

የዕይታ መድከምን የሚያስመስል መነጽር አድርጎ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ራስን መፈተን ርካሽና ፈጣን ነው፤ የደበዘዘ ቀለምና የጠበበ አዝራር ለማግኘት ይበቃል። የማያገኘው ነገር ፍርሃትን ነው። መነጽሩን ያደረገው ወጣት ስህተት ቢሠራ ምንም እንደማይሆን ያውቃል፤ ለዚህ ከእውነተኛ ተጠቃሚዎች ጋር መቀመጥን የሚተካ ነገር የለም። ከአምስት ወይም ከስድስት ሰዎች ጋር፣ ከተቻለ በራሳቸው ታብሌትና በራሳቸው ቅንብር፣ አንድ ለአንድ ይሁን።

«እንዴት አገኙት?» ተብለው ሲጠየቁ በትሕትና «ደህና ነው፣ ጥሩ ነው» ማለታቸው አይቀርምና መልሱ ላይ ብዙ አይመሥረቱ። እጃቸውን ይመልከቱ። ከአዝራሩ በላይ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ጣት፣ ከመንካታቸው በፊት ወደ እርስዎ የሚመለስ ዓይን፣ «ይህን ብነካው ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ፣ እነዚህ አዝራሩ የሚያደርገውን እንዳልተናገረ ያሳያሉ። ሲቸገሩ ለመርዳት ቶሎ እጅዎን አይዘርጉ፤ ራሳቸው መመለሻውን ያገኙት እንደሆነና ስንት እርምጃ እንደፈጀባቸው ይመዝግቡ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ተመልሰው ያንኑ ሥራ ያለ ማብራሪያ እንዲደግሙት ይጠይቋቸው፤ በሁለት አማራጮች መካከል ቆርጦ መወሰን ካቃተዎት፣ በሁለተኛው ቀን ብቻቸውን የጨረሱበትን ይውሰዱ።